ሎሚ፣ ፀሐይና ማድያት

ከዘጌ የሚመጣው ሎሚ ባሕር ዳር ገበያ ሲደርስ ለወጥ ብቻ አይፈለግም፤ ለማድያት የሚገዛውም አለ። ከዕፅዋት መዓዛማ ዘይት የፊት ቅባት መቀመም የጀመረ ሰውም መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ወደ ሎሚ ልጣጭ ነው።

መዘዙ ያለው እዚያው ልጣጩ ላይ ነው። ተጨምቆ የወጣው ዘይት ቤርጋፕተንንና መሰሎቹን ፉራኖኩማሪኖች ይዟል። እነዚህ ቆዳ ላይ እያሉ ፀሐይ ካገኛቸው ያቃጥላሉ፤ ቃጠሎው ሲሽር ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይቀራል። የጓሮው ጤና አዳምም ከዚህ አይለይም። ግብፃዊው ሐኪም ኤል ሞፍቲ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከዓባይ ማዶና ማዶ ከሚበቅል ተክል የተገኘ የዚሁ የፉራኖኩማሪን ቤተሰብ ውህድ ለለምጽ ታማሚዎች ሲሰጥ፣ የፈለገው የነጣው ቆዳ እንዲጠቁር ነበር።

ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍታው ፀሐዩን ያበረታዋል። ቀትር ላይ ጣና ውስጥ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ጥላ የለውም።

ስለዚህ ቀማሚው አስቀድሞ የሚመርጠው የዘይቱን አወጣጥ ነው። የልጣጩ ዘይት እንደ አረቄ በእንፋሎት ከወጣ ፉራኖኩማሪኖቹ ስለማይተኑ እዚያው ድስቱ ውስጥ ይቀራሉ። ብዙዎች የሚተማመኑበት ቫይታሚን ሲ ግን በየትኛውም ዘይት ውስጥ የለም፤ የሚሟሟው በውሃ ነውና ከጭማቂው ጋር ይሄዳል።

ጠጅ ሣር የተሻለ ተስፋ ይሰጣል። ሲትራል የተባለው ዋና ውህዱ፣ የቆዳ ቀለም የሚሠራውን ታይሮሲኔዝ በቤተ ሙከራ ሲገታ ታይቷል። ነገር ግን ሲትራል ራሱ ቆዳ ያስቆጣል፤ የተቆጣ ጠይም ፊት ደግሞ ይብስ ይጠቁራል። መጠኑ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው፦ በ100 ሚሊ ሊትር ቅባት 1 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 20 ጠብታ ገደማ፣ ለፊት ብዙ ነው።

እንዲህ ሲሰላ መዓዛማው ዘይት የሚቀረው ለሽታ ነው። ማድያቱን የማደብዘዙ ሥራ ወደ ኒያሲናማይድና በገብስ ውስጥም ወደሚገኘው አዜላይክ አሲድ ይዛወራል። የብረት ኦክሳይድ ያለው ባለቀለም የፀሐይ መከላከያ ካልታከለበት ግን የሌሊቱን ሥራ ቀኑ ያፈርሰዋል።

ይህ ሁሉ ወራት ይፈልጋል፤ ደንበኛ ግን በሳምንት ለውጥ ማየት ይሻል። በሳምንት ከሚያነጡት ክሬሞች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ኩላሊት የሚጎዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት በኪሎ ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ ከ2020 በኋላ እንዳይመረት ቢደነግግም፣ የቀማሚው ተፎካካሪ ዛሬም እሱው ነው።