ተራ ጠባቂው ወረፋ

ቨርቹዋል ማሽኖች ከዲቫይሶች ጋር በሚነጋገሩበት የቨርትአዮ መስፈርት ውስጥ ቁጥሯ 35 የሆነች አንዲት ቢት አለች። የምታስገባው ቃል አጭር ነው፦ ዲቫይሱ የተሰጡትን ባፈሮች በተሰጡበት ተራ ሠርቶ ይመልሳል። በዚህች ቃል ምክንያት ስንት ሥራ እንደሚቀር ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የመስፈርቱን ጸሐፊዎች ሳያደንቅ አያልፍም።

ቨርትአዮን ያስጀመረው አውስትራሊያዊው የሊኑክስ ባለሙያ ረስቲ ረስል ሲሆን፣ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ጽሑፍ አስረድቷል። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ያለው ድራይቨር ከውጭ ካለው ዲቫይስ ጋር የሚገናኘው ሁለቱም በሚያዩት ሜሞሪ ላይ በተዘረጋ ወረፋ ነው። በነባሩ አሠራር ወረፋው ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው የዴስክሪፕተሮች ሠንጠረዥ ነው፤ እያንዳንዱ ዴስክሪፕተር በ16 ባይት ባፈሩ የት እንዳለ፣ ርዝመቱ ስንት እንደሆነና ተከታዩ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። በሁለተኛው ክፍል ድራይቨሩ «እነዚህን ሥራልኝ» ብሎ ቁጥራቸውን ያሰፍራል። በሦስተኛው ደግሞ ዲቫይሱ «እነዚህን ጨርሻለሁ» ብሎ ለእያንዳንዱ ቁጥርና ርዝመት ይመልሳል፤ ይህም በነፍስ ወከፍ 8 ባይት ነው።

እያንዳንዱ መልስ ቁጥር መያዝ ያስፈለገው ዲቫይሱ ተራ የመጠበቅ ግዴታ ስለሌለበት ነው። ለዲስክ ይህ ነጻነት ትልቅ ነገር ነው፤ ኋላ የመጣ ጥያቄ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። ኔትወርክ ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ባፈሮች ተዘበራርቀው ሊመለሱ ስለሚችሉ ድራይቨሩ የትኞቹ ዴስክሪፕተሮች ነጻ እንደሆኑ በሰንሰለት እየያዘ መከታተል አለበት፤ እያደርም ሠንጠረዡ ይበታተናል። በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ አንድ የካሽ መስመር 64 ባይት ይይዛል። ዴስክሪፕተሮቹ ጎን ለጎን ከሆኑ አራቱ በአንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ ከተበተኑ ለእያንዳንዱ ሌላ መስመር ማምጣት ግድ ይሆናል። ባለ10 ጊጋቢት ኤተርኔት በትንንሾቹ ፓኬቶች ሲሞላ በሴኮንድ 14.88 ሚሊዮን ፓኬት ያልፍበታል፤ ለአንዱ ፓኬት የሚደርሰው ጊዜ 67 ናኖሴኮንድ ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ፍጥነት ወደ ሜሞሪ የሚደረግ አንድ አላስፈላጊ ምልልስ እንኳ ጉዳቱ ይታያል።

ሁለቱ ወገኖች በቢቷ ሲስማሙ ድራይቨሩ ሠንጠረዡን ከ0 ጀምሮ በቅደም ተከተል ይሞላል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ይዞራል። ዲቫይሱ ቀጣዩ ዴስክሪፕተር የት እንደሚሆን አስቀድሞ ያውቃል። ድራይቨሩም ነጻ ቦታ ፍለጋ ሰንሰለት መከተል አያስፈልገውም።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን አመላለሱ ነው። ዲቫይሱ 32 ፓኬቶችን ልኮ ከጨረሰ አንድ መልስ ብቻ መጻፍ ይበቃዋል። የሚጽፈው የመጨረሻውን ባፈር ቁጥር ነው፤ የሚጽፍበት ቦታ ግን የመጀመሪያው ባፈር መልስ ይሰፍርበት የነበረው ነው። ከዚያም ቆጣሪውን በ32 ያራምዳል፤ በመካከል ያሉት 31 ቦታዎች ሳይነኩ ይቀራሉ። ወፍጮ ቤት «የእገሌ እህል ተፈጨ» ሲባል ከእሱ በፊት የተሰለፉት ሁሉ የእነሱም ማለቁን እንደሚያውቁት ነው። በአንድነት የተመለሱት ባፈሮች ስንት እንደሆኑ በመልሱ ውስጥ አልተጻፈም፤ መጻፍም አላስፈለገም። መልሱ ያረፈበት ቦታ መነሻውን፣ በውስጡ ያለው ቁጥር መድረሻውን ይናገራል፤ ድራይቨሩ የሁለቱን ልዩነት ያሰላል። 256 ባይት፣ ማለትም አራት የካሽ መስመር ይሞላ የነበረው መልስ በ8 ባይት አለቀ። አንድን ቦታ ባዶውን ሳይቀር እንዲናገር ማድረግ የበሰለ እጅ ሥራ ነው።

ጸሐፊዎቹ የቃሉን ወሰንም በግልጽ አስቀምጠዋል። መልስ ያልተጻፈላቸው ባፈሮች ዲቫይሱ ሙሉ በሙሉ እንደተጠቀመባቸው ይቆጠራሉ። ለሚላክ ፓኬት ይህ ምንም አያጎድልም፤ ዲቫይሱ ባፈሩን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። የሚገባ ፓኬት ግን አንዱ አጭር፣ ሌላው ረጅም ነው፤ ባፈሩን ያልሞላ ፓኬት ርዝመቱ በራሱ መልስ መነገር ስላለበት ሊዘለል አይችልም። ቢቷ በውድ እንጂ በግድ አለመሆኗም የዚሁ ጥንቃቄ አካል ነው። ዲቫይሱ ያቀርባታል፣ ድራይቨሩ ይቀበላታል፤ ተራ ማፍረስ የሚጠቅመው ዲስክ ሳያቀርባት ይቀራል።

ይህች አማራጭ መስፈርት አውጪው ድርጅት ኦአሲስ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የመስፈርቱ 1.1 ቅጂ ውስጥ ትገኛለች። መነሻዋ አንዳንድ ዲቫይሶች ድሮም ባፈሮችን በተሰጡበት ተራ ይመልሱ የነበሩ መሆናቸው ነው። ሆኖም ዲቫይሱ ተራ መጠበቁ የራሱ ልማድ ብቻ ሆኖ ሳለ ድራይቨሩ ሊተማመንበት አይችልም፤ አንድ ቀን ቢቀርስ? ስለዚህ እያንዳንዱን መልስ በቁጥሩ እየፈለገ መኖር ነበረበት። ጸሐፊዎቹ ለዲቫይሱ አዲስ ችሎታ አልጨመሩለትም። ያለውን ልማድ አስተውለው፣ ሌላው ወገን ሥራውን ሊመሠርትበት የሚችል ቃል ኪዳን አደረጉት።