«እኔ» ማለት የሚያሳፍረው አመልካች

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ፣ ባለቤቴ ለቁርስ የሚፈላውን ቡና በሰፌድ እየለቀመች ሳለች፣ እኔ ደግሞ የድኅረ ዶክትሬት የምርምር ሥልጠና የሚሹ ወጣት ሐኪሞች ያመጡልኝን የማመልከቻ ረቂቅ እየመረመርሁ ያሳለፍኋቸው ጥዋቶች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹን ረቂቆች የጎዳቸውም ከልክ ያለፈ ትሕትና መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

አንድ ወጣት ስለ ወባ ጥናቱ ጽፎ ያመጣልኝ ሁለት ገጽ ከዳር እስከ ዳር «ሰበሰብን፣ መረመርን፣ ደረስንበት» የሚል ነበር። «አንተስ ለብቻህ ምን ሠራህ?» ብለው አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ ራሴን በራሴ ላወድስ እንዴ?» አለኝ። አይፈረድበትም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ውዳሴ ከንቱን እንዲሸሽ የተመከረ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1983 በተቋቋመው በጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተጀምሮ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የወረሰውን በኅብረተሰቡ መካከል የመማር ሥርዓት ተከትሎ፣ ከጓደኞቹ ጋር ወደ አጋሮና ወደ አሰንዳቦ ጤና ጣቢያ እየወጣ በቡድን የሠለጠነ ሰው፣ «እኔ» የሚለው ቃል ከአንደበቱ ቢርቅ ምን ያስደንቃል? ዳሩ ግን ማመልከቻውን የሚመዝኑት ሰዎች ቡድኑን ሁሉ አይወስዱትም፤ የሚመርጡት አንድ ሰው ነው። ብዙ ከጎተጎትሁት በኋላ፣ ሁለት ባለሙያዎች ያልተስማሙበትን የደም ስላይድ ሁሉ ሦስተኛ ሆኖ በማይክሮስኮፕ እያየ የፈረደው እርሱ መሆኑን ነገረኝ። ያችን ዐረፍተ ነገር የማመልከቻው ራስ አደረግናት።

የምርምሩን ሐሳብ ስለሚገልጸው ክፍል ስጠየቅ የማነሣው የዶክተር አክሊሉ ለማን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ሰዎች ልብሳቸውን በእንዶድ በሚያጥቡበት የወንዝ ዳር፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ስፍራ ይልቅ በብዛት ሞተው አዩ፤ የዕድሜ ልካቸው ምርምር ከዚያች እይታ ተነሣ። የእኛ አመልካቾች ግን በሽታው በዓለም ላይ ያደረሰውን ጥፋት በሦስት አንቀጽ ከተረኩ በኋላ ነው ወደ ገዛ ወንዛቸው የሚወርዱት፤ ያን ጊዜ አንባቢው ደክሟል።

ስለ ስምም አንድ ቃል ልጨምር። ፈረንጆቹ የአባታችንን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚመዘግቡት፣ በአንዱ ጽሑፍ በአባቱ፣ በሌላው በአያቱ ስም የተጠራ ሰው በመዝገባቸው ሁለት ሰው ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጽሑፍ አንሥቶ በአንድ አጻጻፍ መጽናት ይገባል። የድጋፍ ደብዳቤም ከአለቃ ይልቅ ሥራውን ባየ ሰው ቢጻፍ ይበልጣል።

የቀረው የማመልከቻው መዝጊያ ሰዓት ነው። አውሮፓውያን በብራስልስ አቆጣጠር 17 ሰዓት ብለው የሚጽፉት የመዝጊያ ሰዓት፣ በክረምታቸው ወራት ለጅማ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን፣ በበጋቸው ግን 12 ሰዓት ነው፤ እኔ ይህን ሳላመዛዝን ቀርቼ የራሴን ማመልከቻ አንድ ሰዓት አዘግይቼ አውቃለሁ።