ሰሙ ከቀለጠ ወርቁ የማን ነው?
ስለ አዝማሪ ግጥምና ስለ አድማጩ ፍች

አዝማሪ ግጥሙን ጥሎ መሰንቆውን ብቻ በሚያስጮኽበት ጊዜ በቤቱ ውስጥ አጭር ጸጥታ ይሰፍናል። ቀጥሎ ከአንድ ጥግ ሣቅ ይነሣል፤ ከሌላው ጥግ «እሰይ!» የሚል ድምፅ ይከተላል፤ በመካከል የተቀመጠው ሰው ደግሞ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ «ምን ማለቱ ነው?» ሲል ይጠይቃል። ጎረቤቱ ይፈታለታል፤ ሦስተኛው «የለም፣ እንደዚያ ማለቱ አይደለም» ብሎ ያርመዋል። ክርክሩ ጠጁ አልቆ እንግዳው ከተበተነም በኋላ በመንገድ ላይ ይቀጥላል። ስለ አዝማሪው ችሎታ ስንናገር ይህን ክርክር ብዙውን ጊዜ እንዘነጋዋለን። በእኔ አስተያየት ግን የአዝማሪ ግጥም የሚጠናቀቀው በዚሁ ክርክር ውስጥ ነው። ክርክሩን ለመዝጋት የሚደረገው ሙከራ ሁሉ፣ በመምህርም ይሁን በሹም ይሁን በሐያሲ፣ ግጥሙን ግማሽ ያደርገዋል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ግጥም የለመድነው መለኪያ «ሰምና ወርቅ» የሚለው ነው። አባባሉ የተወሰደው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ ቅርጽ በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። የቅኔ ሊቃውንት ይህን ሥራ ምሳሌ አድርገው ላይ ላዩን የሚሰማውን ሰም፣ በውስጥ የሚገኘውን ወርቅ፣ ሁለቱን በአንድነት የተሸከመውን ቃል ኅብር አሉት። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ወይም በዋድላ የቅኔ ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ የቆጠረውን ይዞ ወደ መምህሩ ይቀርባል፤ መምህሩም ያርማል፣ ይነቅፋል፣ ደስ ሲለውም ይቀበላል። እንግዲህ በቅኔ ቤት ፍች ዳኛ አለው።

አዝማሪ ቤት ዳኛ የለም። በግዕዝ ሳይሆን ሁሉም በሚያውቀው አማርኛ ይዘፈናል፤ አድማጩ ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ወታደር፣ ተማሪ ነው። ስለዚህ የቅኔ ቤቱን መለኪያ እንዳለ አምጥተን በአዝማሪው ላይ ስንጥል አንድ ስሕተት እንፈጽማለን። ምሳሌው ራሱ ያሳስተናልና። በአንጥረኛ ቤት ሰሙ ጠፊ ነው፤ ቀልጦ ካልወጣ ወርቁ ቦታ አያገኝም። በግጥም ግን ሰሙ አይቀልጥም፤ ከወርቁ ጋር አብሮ ይኖራል። እንዲያውም ሰሙ የጠፋበት ግጥም ወርቁም ወዲያው ወደ ተራ አነጋገር ይለወጣል።

ነገሩን ለማስረዳት የሌላ ሰው ግጥም ከመበደር ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ ስል ራሴ የገጠምሁትን ሁለት ቤት ላቅርብ፦

ጎተራው ቢጠበን ሜዳ ላይ ከመርነው፣
ዘንድሮ መከራችን ከአምናው የበዛ ነው።

ኅብሩ «መከራችን» የሚለው ቃል ነው። «መከር» ከሚለው ቢመጣ አዝመራችን ማለት ነው፤ «መከራ» ከሚለው ቢመጣ ሥቃያችን ማለት ነው። ሁለቱ በፊደልም በድምፅም አይለያዩም። እንግዲህ ይህን ግጥም ጥቂት ሰዎች በአንድ ቤት ተቀምጠው ይስሙት እንበል። በዚያ ዓመት አዝመራው የሠመረለት ገበሬ በመጀመሪያ ምስጋና ይሰማል፤ ወርቁን ሲያገኘው ይሥቃል፤ ሣቁ ግን ምስጋናውን አያጠፋበትም። ደመወዙ ለወሩ መጨረሻ ያልደረሰለት መምህር ከመጀመሪያው መከራውን ይሰማል። በቤቱ የተቀመጠ ሹም ደግሞ ክስ ይሰማል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዘመዶቿን የቀበረች እናት ብትኖር «ሜዳ ላይ ከመርነው» የሚለውን የመቃብር ክምር አድርጋ ልትሰማው ትችላለች። ይህ የመጨረሻው ፍች ግጥሙን ስገጥም አልታሰበኝም ነበር። ነገር ግን ቃሉ ይሸከመዋል፤ ስለዚህ ፍቹ የእርሷ ብቻ ሳይሆን የግጥሙም ነው። ገጣሚው እኔ ብሆንም «እንደዚያ ማለቴ አይደለም» ብዬ የምነጥቃት መብት የለኝም።

ይህ ማለት ግን የተባለው ሁሉ ፍች ነው ማለት አይደለም። አንዱ ተነሥቶ «ጎተራው የሹሙ ሆድ ነው» ቢል ሣቅ ያገኛል፤ ፍቹ ግን አይቆምም። የሹም ሆድ ጠበበን ብሎ የተረፈውን ሜዳ ላይ የሚከምር ገበሬ የለምና የስንኙ ሁለተኛ እግር አልቀበልም ይላል። እንግዲህ ዳኛ በሌለበትም ቤት ሕግ አለ። አንደኛ፣ ፍቹን ቃሉ ሊሸከመው ይገባል፤ ከአንድ ቃል ብቻ ሳይሆን ከሁለቱም ቤት ጋር መስማማት አለበት። ሁለተኛ፣ ጊዜውና ቦታው ሊሸከሙት ይገባል፤ የሠርግ ዕለት የተዘፈነው በለቅሶ ከተዘፈነው ጋር አንድ አይደለም። ሦስተኛ፣ ከፈቺው ሌላ ቢያንስ አንድ አድማጭ «እውነትም!» ሊል ይገባል። ብቻውን የሚፈታ ሰው ብዙውን ጊዜ ግጥሙን ሳይሆን የራሱን ልብ ይፈታል።

የቋንቋችንና የፊደላችን ጠባይም ለዚህ ክርክር መንገድ ይከፍታል። ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን አይጽፍም። «ገና» ሲላላ ጊዜው ያልደረሰ ነገር ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። «ይሰማል» በሚለው ቃል «ሰ» ሲላላ ስለሚያዳምጠው ሰው፣ ሲጠብቅ ግን ስለሚደመጠው ነገር እንናገራለን። አዝማሪው ቃሉን በዜማ ሲያረዝመው በሁለቱ መካከል አንጠልጥሎ ሊያቆየው፣ መሰንቆው እስኪመልስ ድረስ አድማጩን ሊያጠራጥረው ይችላል። በወረቀት ላይ ይህ ሁሉ ይቀራል። ስለዚህ የሕዝብ ግጥም ሰብስበን ስናሳትም ግጥሙን በግራ፣ ወርቁን በቀኝ ብቻ አስፍረን «ተፈታ» ብንል ያተምነው የተጫዋቹን ድምፅ፣ የአድማጩን ሣቅና የቀኑን ጉዳይ ያጣ አጥንት ነው።

ከዚህም በላይ ግጥሙ የአዝማሪው ላይሆን ይችላል። በአዝማሪ ቤት «ተቀበል!» የሚል ልማድ አለ። እንግዳው ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይለዋል። ያን ጊዜ ገጣሚው ከተመልካቹ መካከል ነው፤ ዘፋኙ ደግሞ የሌላ ሰው ቃል ተሸካሚ ነው። እንግዳው አንድ ነገር አስቦ ይሰጣል፤ አዝማሪው አንዲት ቃል በማጥበቅ ወይም በማላላት፣ ዓይኑን ወደ ሌላ ጥግ በመመለስ ብቻ ነገሩን ወደ ሌላ ያዞረዋል፤ ሦስተኛው ሰው ማንም ያላሰበውን ያገኝበታል። «የአዝማሪው ሐሳብ ምን ነበር?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ቤት መልስ የሚያገኘው በግማሽ ነው። የኪነቱ ባለቤት ጉባኤው ነው።

ፍች ግን ሁልጊዜ በጠጅ ቤት ጨዋታ አያበቃም፤ ነፍስ የሚያስከፍልበትም ጊዜ አለ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ በየመንደሩ የሚዞሩ ተራኪ አዝማሪዎች ከጠንቋዮችና ከሟርተኞች ጋር እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። በቋንቋው የማይሰማው ወራሪ ግጥሙን አልፈታውም፤ ሕዝቡ እንደሚፈታው ማወቁ ብቻ በቃው። ከዚያ ወዲህ የሆነውንም እናስታውሳለን። የጥላሁን ገሠሠ «አልቻልኩም» ላይ ላዩን ያፈቀረ ሰው ምሬት ነው። አድማጮች ግን የአገሩን ሰው ትዕግሥት ማለቅ ሰሙበት። የክብር ዘበኛው ድምፃዊ ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ታሠረ። ቀጥሎም በ1960ዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጥንቱን የፋኖ ዘፈን ከሸፈተውና ከአርበኛው ተቀብለው የራሳቸውን ጥያቄ ጨመሩበት። ዜማው ያው ነበር፤ አድማጩና ዘመኑ ስለተለወጡ ወርቁ ተለወጠ።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። በእነርሱ አማካይነት ብዙ ወጣት መድረክ አገኘ፤ «አዝማሪ» ተብሎ ይናቅ የነበረውም ሙያ ክብር እንዲያገኝ የተደረገው ጥረት ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ለመድረክ የሚቀርበው ግጥም አስቀድሞ እየታየ፣ ትርጉሙ አንድ ብቻ እንዲሆን እየታረመ ይወጣ ስለነበር ለአድማጩ የተረፈው ማጨብጨብ ሆነ። እኔ ራሴ በተውኔት ሥራዬ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። በጻፍሁት ተውኔት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ደመናውን አይቶ «ዘንድሮስ ይዘገያል» ይላል። ስለ ዝናብ ነበር የጻፍሁት። አዳራሹ ግን በጭብጨባ ተናወጠ። በኋላ ተጠርቼ «ምን ማለትህ ነው?» ተባልሁ። «ዝናብ ማለቴ ነው» አልሁ። እውነቴን ነበር፤ ግን መልሱ ሙሉ አልነበረም። ሙሉው መልስ ተመልካቹ ዘንድ ነበር፤ እርሱን ማንም አልጠየቀውም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የቆየ አስተያየት ማንሣት ተገቢ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፉ አሻሚ አነጋገርን የአማራ ኑሮ ጠባይ መግለጫ አድርጎ ወስዶታል፤ ለባህላዊው ኑሮ ያለውን ጥቅም ቢቀበልም የዘመናዊ ኑሮ ከሚጠይቀው ግልጽነት ጋር እንደሚጋጭ አመልክቷል። መጽሐፉ ሊከበር የሚገባው ጥናት ነው። ሆኖም ሰምና ወርቅን በዋናነት መሸሸጊያ አድርጎ ማየት የአዝማሪን ቤት ይስታል። በአዝማሪ ቤት ወርቁ የተሸሸገ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ያገኘዋል፤ ያላገኘውም ከጎረቤቱ ይሰማል። ሁሉም የሚያውቀው ምሥጢር ምሥጢርነቱ ይቀርና ስምምነት ይሆናል። አንድ ሰው ብቻውን ቢናገረው የሚያስከስሰውን ነገር አንድ ቤት ሙሉ ሰው በአንድ ሣቅ ይናገረዋል። ይህ የግልጽነት ጉድለት አይደለም፤ በጋራ የመናገር ጥበብ ነው።

እንግዲህ ከዚህ የምናገኘው የሥራ ትምህርት አለ። በአንድ ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት ላይ «የሚከተለው ግጥም ወርቁ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ አይቻለሁ። አንድ ተማሪ ቃሉም ስንኙም የሚሸከመውን፣ መምህሩ ግን ያላሰበውን ፍች ጽፎ ኖሮ በቀይ ቀለም ተሰርዞበታል። ያ ልጅ የተማረው ግጥም መፍታትን ሳይሆን የመምህሩን ልብ መገመትን ነው። ጥያቄው «ይህ ፍች ለምን ይቆማል? ያኛውስ ለምን ይወድቃል?» ተብሎ ቢቀርብ ክፍሉ ለአንድ ሰዓት የአዝማሪ ቤት ይሆን ነበር። የሕዝብ ግጥም የሚሰበስቡ ባልደረቦቻችንም ከግጥሙ ጋር ማን እንደተቀበለው፣ በምን ቀን እንደተባለ፣ አድማጮቹ ምን ብለው እንደተከራከሩበት ቢመዘግቡ ለተከታዩ ትውልድ ከወርቁ ዝርዝር የበለጠ ሀብት ያወርሳሉ። በባህል ሥራ ላይ ኃላፊነት ያለባቸውም ሰዎች አንድ ግጥም ሲያሳስባቸው ዘፋኙን ጠርተው ከመጠየቅ በፊት ሕዝቡ ለምን እንደሣቀ ቢጠይቁ ይሻላል። የሣቁ ምክንያት በዘፋኙ ኪስ ውስጥ አይገኝም፤ በገበያውና በጎተራው ነው የሚገኘው።

ወደዚያች ሁለት ቤት ግጥም ልመለስ። አንድ ዓመት ጎተራው በእውነት ሞልቶ፣ የተረፈው እህል ሜዳ ላይ ተከምሮ አዝማሪ ይህንኑ ግጥም ቢለው በቤቱ ያለው ሁሉ የሚሰማው አዝመራውን ብቻ ይሆናል፤ መከራውን የሚያስታውሰው ምናልባት አንድ ሽማግሌ ነው። ያን ጊዜ ሰሙ ራሱ ወርቅ ሆነ ማለት ነው። ግጥሙን እንዲያ ሊፈታው የሚችል ሹምም ሐያሲም የለም፤ የሚፈታው የዓመቱ አዝመራ ነው።