ሰሚ ያጡ ሰዎች፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሞያሌ ስናነብ

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ ብዙ ተብሎለታል። ገሚሱ ሐያሲ አሳዛኝ የፍቅር ታሪክ ነው ሲል፣ ገሚሱ የባላባቱን ሥርዓት የሚያጋልጥ ሥራ ነው ይላል። ሁለቱም አስተያየቶች እውነትነት አላቸው። ይሁንና በክፍል ውስጥ እምብዛም የማይነሣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የተጨነቀ ሰው ጭንቀቱን ለማን ይነግራል?» የሚለው ነው።

ጥያቄውን እንድናነሣ ያደረገን ቦታው ነው። ሞያሌ ድንበር ለሁለት የከፈላት፣ ገሚሷ በኢትዮጵያ፣ ገሚሷ በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ ያለች ከተማ ናት። መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያው ወገን ወታደሮች 9 ሲቪሎችን ከገደሉ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኬንያ ተሻገሩ፤ የሚበዙትም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ለእንዲህ ያለው ስደተኛ እህሉ ተሰፍሮ፣ ድንኳኑ ተቆጥሮ ይታደላል። በልጅ ልብ ውስጥ የቀረ ድንጋጤ ግን በምን ይሰፈራል?

ወደ መጽሐፉ እንመለስ። የበዛብህ ወላጆች ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸውን ሞት እንዳይነጥቃቸው ሰግተው ለቤተ ክርስቲያን ይሳላሉ። ስለቱ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ሆኖም ሸክሙን የተሸከመው ያልተጠየቀው ልጅ ነው። በፊታውራሪ መሸሻ ቤትም እንዲሁ ነው። አባት የዘር ክብራቸውን እየመዘኑ ጠያቂዎችን ሲመልሱ የሰብለ ወንጌል ዕድሜ ያልፋል። ሽማግሌ ይመጣል፣ ሽማግሌ ይሄዳል፤ ስለ እርሷ ይመከራል እንጂ እርሷን «አንቺስ ምን ይሰማሻል?» የሚላት የለም። በሁለቱም ቤቶች መካሪ አልታጣም፤ የታጣው ሰሚ ነው።

ጉዱ ካሳን ከሌሎቹ የሚለየው ይህ ነው። የሁለቱን ወጣቶች ፍቅር አውቆ ምሥጢራቸውን ይጠብቃል፤ አይፈርድባቸውም። ምሥጢር መጠበቅና ከመፍረድ መቆጠብ ደግሞ የምክር አገልግሎት ዋና ዋና ምሰሶዎች ናቸው። ዳሩ ግን ካሳ ሰውን ከማዳመጥ ይልቅ ሥርዓቱን ወደ መተቸት ያዘነብላል፤ ንግግሩ ይረዝማል። ደራሲው ይህን ድካሙን ሳይደብቁ መሳላቸው ካሳን የሐሳብ ማስተላለፊያ ብቻ ከመሆን አድኖ ሰው አድርጎታል።

እንግዲህ «መካሪ ቢኖር ኖሮ በዛብህ አይሞትም ነበር» ብለን እንደምድምን? አይደለም። ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ ከቤት እንድትወጣ ያስገደዳት የዘርና የሀብት አጥር በምክር ብቻ አይፈርስም። የሞያሌ ተፈናቃይም ከምክር በፊት ሰላምና ዳቦ ይሻል። ምክር የፍትሕ ምትክ አይደለም፤ ነገር ግን ሰው ፍትሕን በሚጠብቅበት ጊዜ ውስጡ እንዳይፈርስ ይደግፈዋል።

እንዴት? ሰሚው በመጀመሪያ ሳያቋርጥ ያዳምጣል። ቀጥሎ የተደበላለቀውን ችግር አንድ በአንድ ያስለያል፤ ባለ ጉዳዩ ራሱ ከመካከላቸው አንዱን መርጦ ትንሽ እርምጃ እንዲጀምር ያግዘዋል። ቤተሰብ ሲሆን አባትም፣ እናትም፣ ልጅም በየተራ ይናገራሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። ስለ ሞት የሚያወራ ወይም እንቅልፍ ፈጽሞ ያጣ ሲገኝ ግን ጉዳዩ በአፋጣኝ ወደ ሐኪም መመራት አለበት። ይህ ሥራ የግድ ትልቅ ሕንፃ አይጠይቅም። በዚምባብዌ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ አሮጊቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ እንዲያዳምጡ አደረጉ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናትም የታካሚዎቹ ጭንቀት በግልጽ መቀነሱን አሳይቷል።

ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣ፣ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው የጋቻቲ ሪፖርት ለተማሪዎች ምክር ትኩረት እንዲሰጥ አሳስባለች፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በትምህርት ቤት ዱላን ከልክላለች። ሁለቱም መልካም ናቸው። ቢሆንም በድንበሩ ግራም ሆነ ቀኝ ጧት አርፋጅ የሚቀጣው መምህር ከሰዓት በኋላ የምክር ኃላፊ ሆኖ ከተቀመጠ ተማሪው ምሥጢሩን ይነግረዋል ብሎ ማሰብ ያዳግታል። «ምክር» ስንል ተግሣጽ ማለታችን ከሆነ፣ የሰብለ ወንጌልን ቤት በትምህርት ቤት ውስጥ እንደገና ሠራን ማለት ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል፤ በሽታውን የሚነግረው ሰው ያጣስ?

ስለዚህ መምህራን መጽሐፉን ሲያስተምሩ ከተለመዱት የፈተና ጥያቄዎች ጎን አንድ እንዲጨምሩ እናሳስባለን፦ «ሰብለ ወንጌል የልቧን ለማን ልትነግር ትችል ነበር? ያ ሰው ምን ማድረግ፣ ምንስ ከማድረግ መቆጠብ ነበረበት?» ከተማሪዎች መልስ ውስጥ ስለ መጽሐፉ ብቻ ሳይሆን ስለ እያንዳንዱ ቤትም እንማራለን። በዚያን ጊዜ የመምህሩ ተግባር ዝም ብሎ መስማት ይሆናል።