«ምቀኞች ስለሆንን ነው» የሚለው የተለመደ መልስ

የዩኒቨርሲቲ ምሁራኖቻችን፣ በተለይም የማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎች፣ ለምን በጋራ ጥናት አይሠሩም ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እኛ ሐበሾች ምቀኞች ነን፣ አብሮ መሥራት አልፈጠረብንም»። እኔ ይህን መልስ አልቀበለውም። ጠባያችንን እየኮነነ እውነተኛውን ምክንያት ይሸፍናልና።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንመልከት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ክፍል ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ የገጠር ቤተሰቦችን ኑሮ አጥንቷል። እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረው ይህ ሥራ በ1994 ወደ 15 መንደሮችና ወደ 1,500 ወደሚጠጉ ቤተሰቦች ሰፋ። እነዚያኑ ቤተሰቦች እስከ 2009 ድረስ እየተመላለሱ ጠየቋቸው። የሶሲዮሎጂ ባለሙያዎችም ስለ መንደሮቹ ለየብቻ ጻፉ። በ2005 ድርቅና ሌሎች አደጋዎች በገበሬው ኑሮ ላይ ያደረሱትን ጉዳት የሚመረምር ጽሑፍ ሲታተም የስቴፋን ዴርኮን፣ የጆን ሆዲኖትና የጣሰው ወልደሃና ስም ጎን ለጎን ሰፈረ። ታዲያ ምቀኝነቱ የት ሄደ?

ልዩነቱ ግልጽ ነው። ለዓመታት የዘለቀ ገንዘብ፣ ሁሉም የሚጠቀምበት መረጃና የታወቀ የሥራ ክፍፍል ነበረ። እነዚህ በሌሉበት መላእክትም አብረው አይሠሩም!

ይህ ማለት ግን ሥራው እንከን የለውም ማለት አይደለም። ገንዘቡ ከውጭ ሲመጣ ጥያቄውም ከውጭ ይመጣል። ውጤቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሚታተም፣ ጊዜውን ሰውቶ ጓዳውን ያሳየው ገበሬ ስለ ራሱ የተጻፈውን አያነበውም።

ሌላው ምክንያት ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ ተባረሩ። የነገ እንጀራው ያልተረጋገጠለት መምህር ከባልደረባው ጋር የአምስት ዓመት ጥናት እንዴት ይጀምራል? መሬትን፣ ብሔረሰብን፣ ምርጫን የሚያጠና ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን ካላመነ ማስታወሻውን አያካፍልም። ይህ ምቀኝነት ሳይሆን ራስን መጠበቅ ነው።

ስለዚህ በውጭ የምንኖር ወገኖች «ተባበሩ» እያልን መስበኩን ትተን፣ አገር ቤት ካለው ምሁር ጋር ጥያቄውን ከመጀመሪያው አብረን እንቅረጽ፤ ገንዘቡንም ስሙንም እኩል እንካፈል፤ ውጤቱንም በአገራችን ቋንቋዎች እናውጣው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሩ ግን መጀመሪያ መፈተል አለበት።

ቸር ይግጠመን!