ያለ ሚስማር

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚጓዝ ሰው የሐይቅን ከተማ የሚያያት በመኪና መስኮት ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ሚኒባሱ ሰው አውርዶ፣ ሰው ጭኖ ይሄዳል። ታሪክ የሚወድ መንገደኛም ቢሆን ወደ ውጫሌ ይቸኩላል። ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተዋዋሉበት ይስማ ንጉሥ እዚያ አምባሰል ውስጥ ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የጣሊያንኛው ያንኑ ግዴታ አደረገው። ሁለቱ ጽሑፎች አልገጠሙም፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ዓድዋ መጣ። ለዚያ የሚቸኩለውን አልፈርድበትም። እኔ ግን ሐይቅ ላይ የወረድኩት የገጠመ ነገር ለማየት ነው።

የሳበኝ አንድ መጽሐፍ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ማስተዳደር የጀመሩት በ1240 ዓ.ም. ገደማ ነው። በ1273 ዓ.ም. አራቱን ወንጌል በአንድ ጥራዝ ለገዳሙ ሰጡ። ዓመቱ በመጽሐፉ ውስጥ ተጽፏል። ሥዕል አለበት፤ ከሥዕሎቹ አንዱ የኢየሱስ ሞዓ የራሳቸው መልክ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡ ሰዎች የገዳሙን ጉዳይ በባዶ ገጾቹ ላይ ሲመዘግቡ ኖረዋል፤ ታሪክ ጸሐፊው ታደሰ ታምራት የሐይቅን አበምኔቶች ተራ ለማውጣት የደከሙት እንዲህ ባሉ ማስታወሻዎች ላይ ነው። የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ያነሣው ፕሮጀክት 1832 የሚል ቁጥር ሰጥቶታል። በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት ስንቱ ገዳም መጽሐፉን ሲያጣ ይህ ተርፏል።

ያን ወንጌል በእጄ አልያዝኩም። መንገደኛ ሁሉ የሚያገላብጠው መጽሐፍ አይደለም፤ ሊሆንም አይገባም። ግን በምን እንደተያያዘ ማወቅ ፈለግሁ። ስለ ሥዕሉ ብዙ ሰው ጽፏል። ስፌቱን የሚያይ ጥቂት ነው።

ገዳሙ ድሮ ደሴት ነበር። ውሃው ስለሸሸ ዛሬ በየብስ ይደረሳል፤ ሴቶች ግን አይገቡም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ሲቆይ በዚህ አልፏል፤ መነኮሳቱ በምን እንደሚሻገሩም ጽፏል። ቄጠማውን አመቻችተው ይደረድሩታል። አራት እንጨት ዙሪያውን ያደርጉለታል። ሌላ አራት እንጨት ከላይ ይጭኑና ጠፍንገው ያስሩታል። በየማዕዘኑ አንድ ትልቅ ቅል ይታሰራል። አለቀ። ሚስማር የለውም፤ ሙጫም የለውም። አልቫሬዝ ይህን የሚያደርጉት ጀልባ መሥራት ስለማያውቁ ነው ብሎ ጽፏል። እዚህ ላይ ተሳስቷል እላለሁ። ቄጠማ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ቅሉ ያን ክብደት ይሸከማል። ቄጠማ ሲረጥብ ያብጣል፤ ያበጠው ቄጠማ በሁለቱ የእንጨት ረድፎች መካከል ይበልጥ ይጠብቃል። የበሰበሰው ወጥቶ አዲስ ይገባል፤ እንጨቱና ቅሉ ይቆያሉ። ይህን ያሰበ ሰው ውሃውንም ዕቃውንም ያውቃል።

ስፌቱን ያየሁት ከተማው ውስጥ፣ ዜማ የሚያስተምሩ አንድ የኔታ ዘንድ ነው። ያመጡልኝ የዘወትር ዳዊታቸውን ነው።

መጀመሪያ ማኅደሩ። ሁለት ክፍል ቆዳ ነው፤ መጽሐፉን የሚይዝ ኪስና ከላይ የሚደፋበት ክዳን። ማንገቻው ከኪሱ ተነሥቶ በክዳኑ ሁለት ጎን ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ ክዳኑ ይንሸራተታል እንጂ አይወድቅም። ክዳኑ ቢጠፋ ማኅደሩ ከንቱ እንደሚሆን የሠራው ሰው አስቀድሞ አውቋል።

ዳዊቷ መዳፍ ትሞላለች። ድጉስ አልለበሰችም፤ ገበታዎቿ ባዶ እንጨት ናቸው። ደስ አለኝ፤ ቆዳ ቢኖር ኖሮ ስፌቱ ይሸፈን ነበር። ጀርባዋን አዞርኩት። የጥራዞቹ እጥፋት አንድ በአንድ ይታያል። ክሩ ከገበታው ይነሣል፣ በመጀመሪያው ጥራዝ እጥፋት ውስጥ ይገባል፣ ተመልሶ ይወጣና ከበፊቱ ስፌት ሥር አልፎ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። በጀርባው ላይ ሰንሰለት ይመስላል። እያንዳንዱ ጥራዝ የሚንጠለጠለው በጎረቤቱ ነው። ጀርባው ላይ ሙጫ አልፈሰሰም። በዚህ የተነሣ መጽሐፉ የትም ቢከፈት ጠፍ ብሎ ይተኛል፤ በአንድ እጅ መቋሚያ፣ በሌላው ዳዊት የሚይዝ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ብራናው የፍየል ቆዳ ነው። ተነክሮ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ የተሠራ ቆዳ ሁለት ፊት አለው፤ የጠጉሩ ወገን ቢጫ ይላል፣ የሥጋው ወገን ይነጣል። ሲታጠፍ ቢጫው ከቢጫው፣ ነጩ ከነጩ ይገናኛል። ስለዚህ መጽሐፉን በየትም ብትከፍቱት ግራና ቀኙ አንድ መልክ አለው። በዳር በዳሩ የወስፌ ጫፍ የማይሞሉ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ቀለም የሌለው ጭረት ተስቧል፤ ገጹን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ብቻ ይወጣል። ፊደሉ ሁሉ በዚያ ይመራል።

አንድ ገጽ ላይ ሽንብራ የምታህል ቀዳዳ አለች። ገፋፊው ሲገፍ ቢላዋ ነክቶት ይሆናል፤ ቆዳው ሲወጠር ክብ ሆናለች። ጸሐፊው አልደፈናትም። ቃሉን ከቀዳዳዋ በፊት ጨርሶ፣ ሁለቱን ነጥብ አስቀምጦ፣ የሚቀጥለውን ቃል ከወዲያ ማዶ ጀምሯል። ቃል ለሁለት አልተከፈለም።

ከሁሉ የገረመኝ የመስመሩ አያያዝ ነው። ዳዊት እንደ ወንጌል በሁለት ዓምድ አይጻፍም። 150ው መዝሙር በአንድ ዓምድ፣ ስንኝ በመስመር ይወርዳል፤ ሁለት ዓምድ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ጋ ሲደረስ ነው። ስንኝ ግን እኩል አይደለም፤ አንዱ ያጥራል፣ ሌላው ይረዝማል። ለረጅሙ ስንኝ ብሎ ገጹን ቢያሰፋው መጽሐፉ ከመዳፍ ያመልጣል። ፊደሉን ቢያሳንሰው በጧፍ ብርሃን አይነበብም። ጸሐፊው መካከለኛውን ስንኝ ለክቶ ገጹን በዚያ ቆርጧል። ሲተርፈው ትርፉን ሁለት ሦስት ፊደል ከመስመሩ ጫፍ በላይ ወይም በታች፣ አጭሩ ስንኝ ክፍት በተወው ቦታ ያስቀምጠዋል፤ የማን እንደሆነ እንዳይሳሳት በቀጭን ጭረት ይከልለዋል። ከአንዱ ስንኝ የተረፈው በሌላው ጉድለት ይገባል። አሥር ገጽ ተከታትዬ አየሁ፤ አንዱም ትርፍ ኅዳግ ላይ አልወጣም። በየአሥሩ መዝሙር ቀይና ጥቁር ነጥብ የተፈራረቁበት መስመር አለ። ለጌጥ ቢመስልም ሥራ አለው፤ ጣት ሳይቆጥር ቦታውን ያገኛል።

የፊተኛው ገበታ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ስንጥቁ የሄደው የእንጨቱን ሥር ተከትሎ ነው፤ ዕቃ ወድቆ ሲሰበር እንዲህ ነው። ያደሰው ሰው አልለጠፈውም። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ፣ በእኩል ርቀት፣ ሦስት ጥንድ ቀዳዳ በስቶ እንደ ጨርቅ ሰፍቶታል። ከውጭ በኩል ክሩ ያለፈበት ጎድጎድ ተደርጎ ተቦርቡሯል፤ የጅማት ክሩ እዚያ ውስጥ ተኝቷል። ጣቴን አሳለፍኩበት፤ አይነካም። ማኅደሩ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ክሩ አይላጭም ማለት ነው።

«የኔታ፣ ይህን ማን ሰፋው?» አልኳቸው።

መጽሐፉን ከእጄ ተቀብለው ገበታውን ወደ መስኮቱ አዞሩት።

«ቀዳዳው የመምህሬ ነው፣ ልጄ፤ ክሩ የኔ። ሁለት ጊዜ ለውጬዋለሁ። ቀዳዳውን ግን አልነካሁም።»

ዳዊቷን ኪሱ ውስጥ አስገቡ። ክዳኑ በማንገቻው ላይ ተንሸራቶ ወረደ።