ፍሬኑ ማለዳ ሲጨበጥ

አየሩ በደንብ የወጣለት የሞተር ብስክሌት ፍሬን አንዴ ሲጨብጡት ይታወቃል። ብዙ ሰው ግን እጀታውን ደጋግሞ ይጨብጥና «ድንጋይ ሆኗል!» ይላል። ሲደጋገምማ አየር ያለበትም ይጠነክራል። ፍሬኑን ቤቱ ውስጥ የሠራ ሰው ሞተሩን ያሳድረውና ማለዳ ማንም ሳይነካው የፊት ፍሬኑን መጀመሪያ አንድ ጊዜ በሁለት ጣት ይሞክረው። ጥቂት ተስቦ ቀጥ ካለ ሥራው ሥራ ነው። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ቀደም ብሎ ከያዘ ግን ብዙውን ጊዜ ውስጡ አየር ቀርቷል። ዘይት አይታመቅም፤ አየር ይታመቃል፤ የጣት ጉልበትም ሸራው ጋ ሳይደርስ እዚያው ያልቃል። (የማወራው ስለ ዲስክ ፍሬን ነው፤ በሽቦ የሚሳበው ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።)

እጀታው ጨብጠውት ሲቆዩ ቀስ እያለ ወደ መሪው የሚሰምጥ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ወይ የላይኛው ፓምፕ ጎማ አልቋል። ያንን አየር በማስተንፈስ ለማዳን መሞከር ዘይት መጨረስ ነው።

ጎበዙን ከሰነፉ የሚለየው ላይኛው ክፍል ነው። ሁሉም ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የማስተንፈሻ ቡሎን ይፈታል፤ አየር ግን ወደ ላይ ይወጣና ቱቦው ከፓምፑ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ይሸሸጋል። አዋቂው መሪውን አዙሮ ፓምፑን ከፍ ያደርግና የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ይከፍታል፤ ከዚያ እጀታውን በጣም ትንሽ፣ በዝግታ፣ ሳብ ለቀቅ ያደርጋል። ያኔ ከሥር ካለችው ቀዳዳ የስፒል ራስ የምታክል አረፋ ብቅ ትላለች፤ ሌላም ትከተላለች። እጀታውን በድንገት ከለቀቀው ዘይቱ ወደ ዓይን ይፈናጠራል። መነጽር የሚያደርገውን አከብራለሁ።

ዘይቱን በመሳቢያ ፓምፕ ከታች ለሚስብ ሰው፣ ቱቦው ውስጥ የሚታየው አረፋ ምስክር አይሆንም፤ በተፈታው ቡሎን ጥርስ በኩል የውጭ አየር ስለሚገባ አረፋው ማለቂያ የለውም። እጀታውን አስሮ ማሳደርም አንዳንዴ ይረዳል። ፈትቶ ወዲያው «ጠንክሯል» ማለት ግን ራስን ማታለል ነው፤ ተፈትቶ ጥቂት ሰዓት ይቆይ።

ዘይቱንም ይጠይቁ። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ አይፈላም፤ 3.7 በመቶ ውኃ ሲጠጣ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ ልክ 155 ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል ፍሬን ይዞ ለሚወርድ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም፤ የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆንና እጀታው ባዶ ይቀራል። ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ ይጣል። ዶት 5 ደግሞ ሲሊኮን ነው፤ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም።

የቀረው በዓይን ይታያል፦ የክዳኑ ቪቶች በካቻቢቴ አልተበሉም፣ የቡሎኗ ራስ አልተሟለጠም፣ የላስቲክ ቆቧ ተመልሳለች፣ ቀለሙ አልተላጠም። በመጨረሻ ቡሎኗን በደረቅ ሶፍት ጠቅልለው እጀታውን በሙሉ ጉልበት ጨብጠው ይቆዩ። ሶፍቱ ከረጠበ ሞተሩ ከግቢ አይወጣም።